መልስ፦ የማሸጊያው ቀለም ሐላል ከሆነ ሌላ ምርመራ ያስፈልገዋል ወይ?

እህቴ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ በሶና ቆሎ አሽገሽ ልትሸጪ ነው፤ አታሚው «ቀለሜ የሐላል ሰርተፊኬት አለው» ስላለሽ ይበቃል ወይ ብለሻል። አይበቃም።

ሐላሉ በዋናነት የሚነግርሽ ቀለሙ ከምን እንደተሠራ ነው። ቀለም ውስጥ የሚገቡት ግሊሰሪንና ስቴሬት ከዘንባባ ዘይትም ከእንስሳ ሞራም ይወጣሉ፤ ሞራው የአሳማ እንዳይሆን ነው ጭንቀቱ። የቀለሙ ኬሚካል ወደ ምግቡ ማለፍ አለማለፉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ላስቲኩ ታትሞ ሲጠቀለል የውጪው ህትመት የውስጡን ፊት ይነካል፤ ያን ጊዜ ከቀለሙ የተረፈው ወደ ምግቡ ይሻገራል። እንደ አውሮፓውያኑ በ2005 ጣሊያን ውስጥ የሕፃናት ወተት ከገበያ የተሰበሰበው በዚህ ነው፦ ቀለሙን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ለማድረቅ የሚገባው አይቲኤክስ የተባለ ኬሚካል ወተቱ ውስጥ ተገኘ። በሶ ደረቅ ነው ብለሽም አትዘናጊ፣ ከቀለሙ እየተነነ የሚወጣ ነገር ዱቄት ውስጥም ይገባል። ሱፍ ወይም ኦቾሎኒ ያለበት ቆሎማ ቅባት ስላለው ይብሳል።

ስለዚህ አታሚውን ሁለት ወረቀት ጠይቂው፦ የቀለሙ አምራች «ለምግብ ማሸጊያ» ብሎ የሰጠውን ማረጋገጫ፣ እና ከማሸጊያው ወደ ምግብ የሚያልፈው የተለካበትን የላቦራቶሪ ውጤት። ህትመቱ በሁለት ላስቲክ መሃል ቢሆን ይሻላል፣ ምንም እንኳ ስስ ላስቲክ ሁሉንም ባያግድም። ከረጢቱ ሲከፈት የቀለም ሽታ ካለው ሳትከራከሪ መልሺለት። ቆሎ በጋዜጣ መጠቅለሉንማ ጭራሽ ተይው!