ፖለቲካና ሥነ ምግባርን ማይነር አድርጎ ስለመማር ለጠየቅሽው

እህቴ፣ የሕብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ ብለሻል። ፖለቲካና ሥነ ምግባርን ማይነር (ከዋናው ትምህርት ጎን የሚያዝ አነስተኛ ዘርፍ) አድርጌ ልያዝ ወይስ ጊዜ ማባከን ነው የሚል ነው ጥያቄሽ። አባትሽ ደግሞ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ብለው ተቆጥተዋል። እኔም እዚሁ አሜሪካ ዋና ትምህርቴ ባዮሎጂ ሆኖ ይህንኑ ማይነር ይዤ ነው የተመረቅኩት። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ስለ አባትሽ። የእሳቸው ትውልድ በፖለቲካ ምክንያት ወንድሙንና ጓደኛውን አጥቷል። ቀይ ሽብርን ያየ ሰው ልጁ «ፖለቲካ ልማር ነው» ስትለው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። አትከራከሪያቸው። ክፍል ውስጥ የምንማረውን አንድ ታሪክ ንገሪያቸው። እኔ ለቤተሰቤ የነገርኩት በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ የሆነውን ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)።

በ1960 ቤልዲንግ ስክሪብነር የተባለ የሲያትል ሐኪም ክንድ ላይ የሚቆይ ቱቦ ሠራ። ከዚያ በፊት የኩላሊት እጥበት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር የሚሠራው። በእሱ ቱቦ ግን ኩላሊቱ የሞተ ሰው ለዓመታት እየታጠበ መኖር ቻለ። በ1962 ማዕከል ተከፈተ። ማሽኑ ጥቂት፣ በሽተኛው ብዙ። ታዲያ ማን ይግባ? ሰባት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ቄስ፣ ጠበቃ፣ የባንክ ሰው፣ የቤት እመቤት፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪ ነበሩበት። ሐኪሞች ካጣሩላቸው ውስጥ ይመርጣሉ። ትዳር አለው? ስንት ልጅ አለው? ገቢው ምን ያህል ነው? ቤተ ክርስቲያን ይሳማል? ያልተመረጠው ሞተ።

ይህን ታሪክ በሥነ ምግባር ክፍል ስናየው፣ አንዱ «አምስት ልጅ ያለው ይቅደም፣ ጥቅሙ ለብዙ ሰው ነው» አለ። ሚል የሚባለው ፈላስፋ መንገድ ወደዚያ ይወስዳል። ሌላዋ ከፈላስፋው ካንት ተነሥታ የሰው ክብር በጥቅሙ አይመዘንም አለች። ራውልስ የሚባለው ፈላስፋ ደግሞ ይህን ይጠይቅሻል፦ አንቺ ባለ ባንኳ ትሁኚ ወይስ ሥራ አጧ ሳታውቂ ሕግ አውጪ ብትባይ የትኛውን ሕግ ትመርጫለሽ? እኔ እዚህ ላይ ነው ቁጭ ብዬ ማሰብ የጀመርኩት።

ፖለቲካ ክፍል ስንገባ ያው ታሪክ ሌላ ጥያቄ አመጣ። ኮሚቴውን ማን ሾመው? ለማንስ ነው መልስ የሚሰጠው? በ1971 አንድ በሽተኛ የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት እጥበት ማሽን ላይ ሆኖ ታየ። በ1972 ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) ዕድሜ ሳይለይ አብዛኛውን የኩላሊት ሕመምተኛ እንዲሸፍን ሕግ ወጣ። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ለምን ኩላሊት ብቻ? ሌላው በሽታ ድምፅ የሚሆነው ሰው ስላጣ ነው? ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ ብማራቸው ይህ ጥያቄ አይመጣልኝም ነበር። የማይነሩ ዋጋ እዚህ ላይ ነው።

የአገራችን ጉዳይም እዚሁ ውስጥ አለ። አዲስ አበባ ላይ ለኩላሊት እጥበት በመኪና ድምፅ ማጉያ ገንዘብ ሲለመን ያላየ የለም። ዘመድ የበዛለት፣ ፎቶው በፌስቡክ የዞረለት ይተርፋል። ይህም ምርጫ ነው፣ ግን ኮሚቴው አይታይም። የመጨረሻ ዓመት ወረቀቴን የጻፍኩት በዚህ ላይ ነው።

ሥራ ያስገኛል ወይ ላልሽው፣ በማይነሩ ብቻ የሚቀጥርሽ የለም። እኔ ሆስፒታል ውስጥ የሕሙማንን ቅሬታ የሚሰማ ክፍል ነው የምሠራው፣ ዲግሪዬ ነው ያስገባኝ። ግን በየጊዜው የእኛው ቤተሰቦች ይመጡና «ካንሰር መሆኑን ለእማማ አትንገሩብን» ይላሉ። በፍቅር ነው የሚሉት። የዚህ አገር ደንብ ግን የማወቅ መብት የታማሚዋ ነው ይላል። አሁን የማደርገው እሳቸውን መጠየቅ ነው። «እማማ፣ ስለ ሕመምዎ ሁሉን መስማት ይፈልጋሉ ወይስ ልጅዎ እንድትሰማልዎ?» አንዳንዶቹ «ለልጄ ንገሩ» ይላሉ፣ ያም የራሳቸው ውሳኔ ነው። ቤተሰቡም አይከፋም፣ ደንቡም አይጣስም። ይህን ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ የለመድኩት በማይነሩ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ። ማይነር አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ስድስት ኮርስ ነው፣ ከ15 እስከ 18 ክሬዲት አካባቢ። ለዋናው ትምህርትሽም ለማይነሩም የሚቆጠር ኮርስ ካለ አድቫይዘርሽን (የትምህርት አማካሪሽን) በኢሜይል ጠይቂና መልሱን አስቀምጪ። በቃል የተባለ ነገር ምረቃ ሲደርስ ይረሳል። ንባቡ ቀርፋፋ ነው፣ ወረቀቱም ብዙ ነው፣ ስለዚህ ከከባድ የላቦራቶሪ ኮርስ ጋር በአንድ ሴሚስተር አትደርቢው። ከሁሉ በላይ አንድ ጥያቄ ያዢና ኮርሶቹን በእሱ ዙሪያ ምረጪ። አለዚያ ከየዲፓርትመንቱ የተለቃቀመ ክሬዲት ይሆንብሻል። ላንቺ ክትባትና ግዴታ፣ ወይም የሕክምና ወጪን ማን ይክፈል የሚለው የሚመች ይመስለኛል።

መጀመሪያ የሥነ ምግባር መግቢያውን ውሰጂ፣ ፖለቲካው ይከተል። የኮርስ ዝርዝሩን ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ ቅደም ተከተሉን አብረን እናያለን።