ለዲኤክስ ፍሬን ጠያቂው፦ ከትልቁ ዲስክ በፊት ሾኩን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ አለህ። ደብረ ማርቆስ ስትመላለስ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ ፔዳሉ ይደነድንና መኪናው አልቆምም ይልሃል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ኮብልስቶን ላይ ፍሬን ስትይዝ አፍንጫው ይደፋል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል። ሻርጃ ያለው ዘመድህ የኤኢ86 (የሌላ ኮሮላ ሞዴል) የፊት እግር፣ ማለትም ሾኩ የሚገባበትን ቱቦ፣ ከነዲስኩና ዲስኩን ጨምቆ ከሚይዘው ከነካሊፐሩ አግኝቶልሃል፤ ላስመጣው ወይስ ይቅርብኝ ነው ያልከው።

እቃው ጥሩ ነው። እኔም መኪናዬ ላይ ያሰርኩት እሱን ነው። ግን ከነገርከን ሁለት ችግሮች የሚፈታልህ አንዱን ብቻ ነው፣ እሱንም መጀመሪያ ሌላ ሥራ ከሠራህ። ስለዚህ እቃው እስኪመጣ ድረስ የምትሠራውን ልንገርህ።

ከቁልቁለቱ እንጀምር። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ያለው ዝቅታ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። አንድ ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 30 ሊትር የቧንቧ ውሃ እስኪፈላ ማሞቅ ይችላል። የተወሰነውን ሞተሩና ነፋሱ ይወስዱታል፤ የተረፈው ሁሉ የሚሄደው ወደ ፍሬንህ ነው፣ አብዛኛውም ወደ ፊት ሁለቱ ዲስኮች። የዲኤክስ የፊት ዲስክ ደግሞ ድፍን ብረት ነው፣ በመሃሉ አየር አያልፍም። የኤኢ86ቱ ዲስክ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ ሙቀቱን ቶሎ ይተፋል። አንድ ጊዜ በድንገት ፍሬን ስትይዝ የምትቆምበትን ርቀት ያሳጥርልኛል ብለህ ካሰብክ ግን አይሆንም። ያለህ ፍሬን ጎማውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ከቻለ፣ ከዚያ በኋላ የሚያቆምህ ጎማውና አስፋልቱ ነው። የደረቀና የተላጨ ጎማ ይዘህ ዲስክ ብትቀይር ገንዘብህን ነው የምታባክነው።

ፔዳሉ «ይደነድናል» ማለትህን በደንብ ያዝኩት፣ ምክንያቱም መድከምና መደንደን የተለያየ በሽታ ናቸው። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ወደ ታች ከሰመጠ ፍሬን ዘይቱ ፈልቷል፣ ወይም መስመሩ ውስጥ አየር አለ። ደንድኖ አልቆም ካለ ዲስኩን የሚፈትገው ሸራ ከመጠን በላይ ሞቆ መያዝ አቅቶታል፣ ወይም የእግርህን ጉልበት የሚያግዘው ሰርቮ አይሠራም። ሰርቮውን ለማየት ሞተሩን አጥፍተህ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ርገጥ፤ ከዚያ ረግጠህ እንደያዝክ ሞተሩን አስነሳ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች መውረድ አለበት። ካልወረደ በሰርቮው ውስጥ ያለው ላስቲክ ተቀዷል፣ ወይም ከሞተሩ የሚመጣው ቱቦ አየር ያስገባል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ሰርቮው የሚሠራው በውጪው አየርና በሞተሩ መሳቢያ (ሞተሩ አየር በሚስብበት ቱቦ) መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ያው መኪና፣ ያው ፍሬን ሆኖ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ላይ ከአዲስ አበባ ይልቅ ይቀላል። ካርቡራቶሩ የተዛባ ሞተር ከሆነ መሳቢያው ራሱ ደካማ ይሆናል። እዚህ ከተማ ውስጥ ፍሬን ከበደኝ ብለው ካሊፐር የቀየሩ፣ ነገር ግን ጥፋቱ የካርቡራቶር ማስተካከያና የተሰነጠቀች ቱቦ ሆና የተገኘባቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ቀጥሎ ዘይቱ። መቼ እንደተቀየረ ካላስታወስክ ቀይረው። ፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 (አንዱ የፍሬን ዘይት ደረጃ) የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፣ ውሃ ሲጠጣ ግን መመዘኛው ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ደግሞ 230 እና 155 ነው። ሁለቱን መቀላቀል ጉዳት የለውም፣ ለአንተ መንገድ ግን ዶት 4 አድርግ። የመሪ ዘይት ወይም የሞተር ዘይት «ለጊዜው» ብሎ የሚጨምርልህ መካኒክ ካጋጠመህ ቁልፍህን ተቀብለህ ሂድ፤ ጎሚኒውን (የላስቲክ ማሸጊያውን) ሁሉ አሳብጦ ይገድለዋል። አየር ስታስወጣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ከፍሬን ማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምረህ ወደሚቀርበው ና።

የኋላውን ታምቡር (ሸራው ከውስጥ ሆኖ የሚይዘውን ከበሮ) ክፈተው። ሸራው ከታምቡሩ ርቆ ከሆነ ፔዳሉ ዝቅ ብሎ ነው የሚይዘው፣ ባለቤቱ ግን የፊቱን ይከስሳል። የኋላው ካልሠራ ደግሞ የፊቱ ብቻውን ሁሉንም ሙቀት ይሸከማል፤ ዓባይ ላይ የምትፈራው ነገር ግማሹ ከዚያ ይመጣል። የፊቱ ካሊፐር የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ከደረቁ አንዱ ሸራ ያልቃል፣ ሌላው አዲስ ሆኖ ይቀራል። ይህን ካየህ ፒኖቹን አጥቦ ሙቀት በሚችል ግሪስ መቀባት ነው። ላስቲክ ፍሬን ቱቦዎቹንም ቀይር፣ ከውስጥ ሲደፈኑ ከውጭ አይታዩም።

አሁን ወደ መንቀጥቀጡና ወደ አፍንጫው። ይህ የዲስክ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ሞላው መኪናውን ይሸከማል፣ ሾኩ ደግሞ የሞላውን ዝላይ ያረጋጋል። ሾኩ ሲሞት ኮብልስቶን ላይ ጎማው ይዘላል፤ ጎማ አየር ላይ ሳለ ደግሞ ምንም ዓይነት ፍሬን አያቆመውም። ስለዚህ ትልቅ ዲስክ በሞተ ሾክ ላይ ብታስር ጎማው ቶሎ ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል እንጂ አታተርፍም። አርዕስቱን እንዲያ ያልኩት ለዚህ ነው።

መልካሙ ነገር፣ የዲኤክስ የፊት እግር ለመጠገን የተሠራ ነው። ቱቦው፣ ጎማው የሚዞርበት ዘንግና የካሊፐሩ ማሰሪያ አንድ አካል ናቸው፤ ሾኩ ደግሞ ከላይ ትልቁ ዳዶ ሲፈታ የሚወጣ ነው። ውስጡ የታሸገ አዲስ ሾክ ይገባል። ሲገባ በሾኩና በቱቦው መሃል ትንሽ ዘይት ይጨመራል፣ ሙቀቱን ወደ ቱቦው እንዲያሳልፍ። አሮጌውን ከፍቶ ወፍራም ዘይት ሞልቶ የሚመልስልህ ባለሙያ ሞልቷል። ርካሽ ነው፣ ለጥቂት ጊዜም ይሠራል፣ ግን ዘንጉ ተፍቆ ከሆነ ላስቲኩ ዘይቱን ወዲያው ይተፋዋል። የእግሩን የላይኛ ላስቲክና ኩሽኔታ አብረህ ቀይር፣ እግሩ አንዴ ከወረደ በኋላ እሱን ትቶ መግጠም ሥራውን እንደገና መሥራት ነው።

ሞላው ከመኪናው ከወረደ በኋላ የላይኛውን ዳዶ ከመፍታትህ በፊት በመጨመቂያ መታሰር አለበት። በሽቦና በገመድ አስረው የሚፈቱ አሉ። ያ ሞላ የመኪናውን ፊት የሚሸከም ነው፤ ካመለጠ ፊት ላይ ነው የሚመጣው። መጨመቂያ የሌለው ጋራዥ ከሆነ ሌላ ጋራዥ ፈልግ። ሞላው ቁራጭ ላስቲክ ወይም ብረት ተወትፎበት ከሆነም አውጣው። እዚህ አገር መኪና «ማስነሳት» የተለመደ ነው፣ ግን ቁራጩ የገባበት ሞላ እኩል አይሠራም፣ አንዱ ጎን ከሌላው ይለያል፣ ፍሬን ስትይዝ መኪናው ወደ ጎን ይስባል።

መሪው ሲንቀጠቀጥ የጎማውን ኩሽኔታም አትርሳ። መኪናውን በክሪክ አንሥተህ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው። ልቅ ከሆነ ዲስኩ እየተወዛወዘ ሸራውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ፔዳሉ የመጀመሪያውን ርግጫ ባዶ ይወስደዋል። ቴስቲናውና (የመሪው መገጣጠሚያ) የታችኛው ብራቾ (እግሩን ከታች የሚይዘው ክንድ) ላስቲክም እንዲሁ ይታዩ። ዲስኩን ቶርኖ ከማስያዝህ በፊት ዝቅተኛ ውፍረቱን ከራሱ ከዲስኩ ላይ አንብብ፤ ብዙ ጊዜ ተቀርጾበታል። ከዚያ በታች ከወረደ ቶርኖ ያቀጥነዋል እንጂ አያድነውም፣ ቀጭን ዲስክ ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል።

ይህን ሁሉ ካደረግህ በኋላም ዓባይ ላይ ፍሬኑ ከደከመ፣ ያኔ የኤኢ86ቱ እግር ይምጣ። የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ውስጥ ያንን እግር ሙሉ አገኛለሁ ብለህ አትልፋ። ስታዝዝ ግን ተጠንቀቅ። ኤኢ86 ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አየር የሚያልፍበት ዲስክ የለውም። የመሠረታዊው ኤኢ85 እቃ ድፍን ነው፣ ለእሱ የጉምሩክና የአውሮፕላን ጭነት ብትከፍል የነበረህን መልሰህ ነው የምትገዛው። ዘመድህ ዲስኩን ከጎን ፎቶ ያንሳልህ፣ መሃሉ ላይ የአየር ክፍተቶቹ ይታዩ። ቱቦው እንዳልተጎበጠ ያረጋግጥ፣ የላይኛው ዳዶ ጥርስም ደህና ይሁን። ውስጡ የሚገባውን ሾክ ቁመት ከመግዛትህ በፊት ለካ፣ አጭር ከሆነ በዳዶው ሳይጨመቅ ይላላል። የመሪው ብራቾ የራስህ ይቅር፤ እኔ እንዲያ ነው ያደረግሁት።

ካሊፐሩ ከቀድሞው የሚበልጥ ከሆነ ፔዳሉ ትንሽ ረዝሞ ይወርዳል፣ ብዙ ዘይት ስለሚፈልግ። ሰው ወዲያው ትልቅ ፍሬን ማስተር ይፈልጋል። ትልቅ ማስተር ጉዞውን ያሳጥረዋል፣ ግን እግርህ ይበልጥ መጫን ይኖርበታል፤ አዲስ አበባ ላይ ሰርቮው አስቀድሞ ደካማ መሆኑን አስታውስ። እኔ የነበረውን ማስተር ይዤ ቀጥያለሁ፣ አልጸጸትም። የኋላው በሚገባ ከተስተካከለ ርዝመቱ አያስቸግርም።

ደግሞ በመንዳቱ በኩል። ወደ ድልድዩ ስትወርድ ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ በፊት ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። ጫን አድርገህ ለአጭር ጊዜ ያዝና ሙሉ በሙሉ ልቀቅ። እግርህን አሳርፈህበት ከወረድክ ማንኛውም ዲስክ ይቃጠላል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርገው የሚወርዱትን አትከተል።

ሸራው አዲስ ሲሆን ደግሞ ወዲያው ወደዚያ ቁልቁለት አትውሰደው። መጀመሪያ ሜዳ መንገድ ላይ ከ60 ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት እያወረድክ፣ መሃል መሃል እያቀዘቀዝክ ደጋግመህ ያዘው፣ ሸራው ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ። እግሩ ሲወርድ የጎማው አቀማመጥ ስለሚነካ አላይንመንት አስደርግ። ዘመድህ ከነካሊፐሩ ሲልክልህ የካሊፐሩን ጎሚኒ ስብስብና ሁለቱን የላይኛ ኩሽኔታ እዚያው ገዝቶ ይጨምርልህ፣ እነሱ ትንሽ ስለሆኑ ጭነቱ ላይ አይከብዱም።