ሶፊያ ላይ ቤት ልግዛ ወይ ላልሽው

ሰላም እህቴ። ፍራንክፈርት ሆነሽ 35 ሺህ ዩሮ አጠራቅመሻል። ቡልጋሪያ ባሕር ዳርቻ ላይ በዚህ ዋጋ ስቱዲዮ አይተሽ፣ «ልግዛው ወይስ ብድር ጨምሬ ዋና ከተማዋ ሶፊያ ላይ ልፈልግ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ሶፊያ የመጣሁት በደርግ ጊዜ ለትምህርት ነው፣ 1986 ላይ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የዚህ አገር የሶሻሊስት ሥርዓት ሲወድቅም እዚሁ ነበርኩ። ሁለት ጊዜ ቤት ገዝቻለሁ፣ አንዴ ደግሞ ለጥቂት ተርፌያለሁ።

የባሕር ዳሩን ተይው። ስላንቼቭ ብሪያግ፣ ፈረንጆቹ ሰኒ ቢች የሚሉት፣ ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በፊት በነበረው ግርግር በገፍ የተገነባበት ቦታ ነው። ስቱዲዮው የረከሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ለመዋኛው፣ ለጥበቃው፣ ለአትክልቱ በየዓመቱ በካሬ ሜትር የሚታሰብ ክፍያ አለ። መጣሽም ቀረሽም ትከፍያለሽ። ተከራይ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ሱቅና ምግብ ቤት ይዘጋል።

ሶፊያ ሌላ ነገር ነው። ዋጋው በቅርብ ዓመታት በጣም ወጥቷል፣ ግን ዓመቱን ሙሉ ሰው የሚኖርበት ከተማ ነው። ሉሊን፣ ምላዶስት፣ ድሩዥባ የሚባሉት ሰፈሮች ብትሄጂ የምታዪው ፓነልካ ነው፤ በሶሻሊዝም ጊዜ ፋብሪካ ውስጥ ተሠርተው በመጡ የኮንክሪት ግድግዳዎች የተገጣጠመ ሕንጻ። እዚህ ብዙ ቤተሰብ ያን ጊዜም ቢሆን የሚኖርበትን ቤት ከመንግሥት ገዝቶ የራሱ አድርጎ ነበር። ዛሬ አንድ ሕንጻ በደርዘን የሚቆጠር ባለቤት አለው ማለት ነው። አንዱ የራሱን ግድግዳ ብቻ ከውጭ ሙቀት ማቆያ ለጥፎ ቢጫ ይቀባዋል፣ ጎረቤቱ እንደነበረ ይተወዋል። ከሩቅ ስታዪው የተጣጣፈ ልብስ ይመስላል። ጣሪያው ቢያፈስ ግን ሁሉም ተሰብስቦ መስማማት አለበት። ስለዚህ ቤቱን ከማየትሽ በፊት ሕንጻውን እዪ። ሊፍቱ አጠገብ የሚለጠፈውን የስብሰባ ማስታወቂያ ሰው ይተርጉምልሽ፣ ማን ስንት ወር እንዳልከፈለ ሁሉ ይጻፍበታል።

የመጀመሪያ ቤቴን ሉሊን ውስጥ በ2003 ስገዛ ይህን አላሰብኩም። ክረምት ላይ ማሞቂያዬን ሁሉ ዘግቼ ሂሳብ መጣልኝ። ደነገጥኩ። ለካ የሕንጻው የሙቀት ቱቦ በየቤቱ አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ ከቱቦው ለሚወጣው ሙቀት ሁሉም ድርሻውን ይከፍላል። ካለፈው ክረምት የመጣውን ሂሳብ ከሻጩ ጠይቂ።

አሁን ለጥቂት የተረፍኩበትን ልንገርሽ። በ2007 መስከረም ላይ ምላዶስት ውስጥ ሰፊ ቤት አገኘሁ። ስገባ አንዲት አሮጊት ሰገነት ላይ በርበሬ ይጠብሳሉ። እዚህ በመኸር ጊዜ ሁሉም ቤት ቀይ በርበሬ ጠብሶ ለክረምት ያስቀምጣል፣ ሽታው ደረጃውን ይሞላዋል። አንዱን ልጠውልኝ ከዳቦ ጋር ሰጡኝ። ደላላው «እሳቸው ልጃቸው ጋ ይሄዳሉ» አለኝ። ቀብድ ልከፍል አንድ ቀን ሲቀረኝ ጠበቃዬ ከንብረት መዝገብ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆን አለመሆኑን የሚያሳየውን ወረቀት አወጣች። ቤቱ በልጁ ስም ነው፤ ሴትየዋ ግን እስኪሞቱ ድረስ እዚያ የመኖር መብት ተመዝግቦላቸዋል። ማንም ቢገዛው መብቱ አይነካም። ለልጃቸው ሲያወርሱ ለራሳቸው ያስቀሩት ነው፣ ትክክልም አደረጉ። እኔ ግን ገንዘቤን ከፍዬ የእሳቸውን ሞት መጠበቅ አልችልም ነበር። ደላላው ያውቅ ነበር፣ አልነገረኝም። በደላላ ወረቀት አትመኚ፣ የራስሽን ጠበቃ ያዢ።

ማስታወቂያ ስታነቢ ደግሞ ሁለት ነገር አስታውሺ። እዚህ ሳሎን እንደ ክፍል ይቆጠራል፣ «ባለ ሁለት ክፍል» ማለት አንድ መኝታ ነው። አዲስ ሕንጻ ላይ የሚጻፈው ካሬ ሜትር ብዙ ጊዜ የደረጃውንና የኮሪደሩን ድርሻ ይጨምራል። 70 ተብሎ ገብተሽ ብትለኪ 60 ገደማ ልታገኚ ትችያለሽ። የተጣራውን ጠይቂ። ሕንጻው ገና ካላለቀ አክት 14፣ 15፣ 16 ሲሉ ትሰሚያለሽ፤ ግንባታው የደረሰበትን ደረጃ የሚያሳዩ ሰነዶች ናቸው። 14 የሕንጻው አጽም ተሠርቶ አልቋል ማለት ነው፣ 16 ደግሞ ሰው እንዲገባበት የተፈቀደ። 16 የሌለው ቤት ላይ ሙሉ ገንዘብ እንዳትከፍዪ።

ዩሮ ገባ ብለሽ አትቸኩዪ። ከጥር 2026 ጀምሮ ዩሮ የአገሩ ገንዘብ ሆኗል፣ ግን ቤት ከድሮም ዋጋው በዩሮ ነበር የሚነገረው።

አንድ ያልነገርሽኝ ነገር አለ፣ ፓስፖርትሽ የየት ነው? የኢትዮጵያ ከሆነ አፓርታማ በስምሽ መግዛት ትችያለሽ፣ መሬት ግን አይፈቀድልሽም። ግቢ ያለው ቤት ካማረሽ መንገዱ ሌላ ነው፣ ብዙ ሰው ድርጅት አቋቁሞ በዚያ ስም ይገዛል። የጀርመን ከሆነ መሬቱንም በስምሽ ትገዢያለሽ። እሱን ጻፊልኝና የትኛው ሰፈር እንደሚሻልሽ እናወራለን። ቀብድ ግን ለማንም እንዳትልኪ።