ደብተሩ በሁለተኛው ዓመት ነው የሚጥመው

እህቴ፣ «የተፈጥሮ ማስታወሻ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ሳልዘልቅ ተውኩት፤ ሁሌ ያው ነው፣ የምጽፈው አጣሁ። ወቅቶቹን ሁሉ እንዴት ነው የምትዘልቁት?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። መጀመሪያ ላይ ያንቺው ነገር ገጥሞኝ ነበር።

ያኔ ዓይኔ የገባውን ሁሉ ነበር የምጽፈው። ወፍ፣ ደመና፣ ቢራቢሮ። ቶሎ ሰለቸኝ። ነገሩ መስመር የያዘው አንድ ዛፍ ስመርጥ ነው። ዘወትር የማልፍበት መንገድ ዳር ያለ፣ ቅርንጫፉ እጄ የሚደርስበት ዛፍ። አንዷ ቀንበጥ ላይ ክር አሰርኩባት (ላላ አድርገሽ እሰሪው፣ ስትወፍር እንዳያንቃት)። ከዚያ ወዲህ ደብተሬ የዚያች ቀንበጥ ነው። ሌላው ሲገኝ ይጨመራል።

በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አየሩን፣ ከዚያ ሦስት አራት መስመር። በእርሳስ ጻፊ፤ ዝናብ ቢነካውም አይፈስም። ሥዕሉ ባያምርም ሳዪ። ስትስዪ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የወጡት ወይስ ተፈራርቀው የሚለውን ለማየት ትገደጃለሽ። ፎቶ አንስተሽ ስትሄጂ ይሄ ያመልጥሻል።

«ምንም የለም» የሚለውንም ጻፊው። እኔ ይሄን ንቄው ብዙ ጎድሎብኛል። አበባው በ12 ፈነዳ ብለሽ ብትጽፊ፣ በ9 ሄደሽ «ገና ነው» ብለሽ ካልመዘገብሽ፣ 12 የፈነዳበት ቀን ይሁን አንቺ ያየሽበት ቀን በምን ይታወቃል? አሰልቺ የመሰለሽ ቀን ነው ለሌላው ቀን ዋጋ የሚሰጠው።

ደግሞም «ያው ነው» የምንለው ከሩቅ ስናይ ነው። ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት አንዱን ቢጫ ቅጠል በጣቴ ነካ ሳደርገው ወደቀ። የነበረበት ቦታ ላይ ትንሽ ጠባሳ ቀረ፤ ጠባሳው ውስጥ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉ። ውሃና ምግብ ሲመላለስባቸው የነበሩ ቱቦዎች ጫፍ ናቸው። ከጠባሳው ከፍ ብሎ ደግሞ የስንዴ ፍሬ የምታክል ጠንካራ እምቡጥ። የሚቀጥለው ቅጠል አሮጌው ሳይወድቅ ቦታውን ይዞ ኖሯል! ቢጫውም ቢሆን አዲስ የመጣ አይደለም። አረንጓዴው ሸፍኖት እንጂ ቅጠሉ ውስጥ ነበር። ያን ቀን ሁለት ገጽ ሞላሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ፤ የእያንዳንዱን ገጽ ግማሽ ባዶ ተዪው። በዓመቱ እዚያው ላይ ትጽፊበታለሽ። እኔ በሁለተኛው ዓመት ያቺው ቀንበጥ ከአምናው 11 ቀን ቀድማ ቅጠል ስታወጣ ሁለቱን ቀኖች አንድ ገጽ ላይ ሳያቸው እንዴት ደስ እንዳለኝ! እንግሊዛዊው ሮበርት ማርሻም እ.ኤ.አ. በ1736 ዛፎች ቅጠል የሚያወጡበትን፣ አበቦች የሚፈነዱበትን፣ ወፎች የሚመጡበትን ቀን መመዝገብ ጀመረ። ቤተሰቡም ተቀባብሎ እስከ 1958 አደረሰው። ዛሬ የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠኑ ሰዎች ያን መዝገብ ይጠቀሙበታል። የተጻፈው እኮ ይሄው እኛ የምንጽፈው ነው፦ ምን፣ መቼ፣ የት።

ሳምንታት ቢያልፉሽ በትዝታ ለመሙላት አትሞክሪ፤ ትዝታ ቀን ያምታታል። መስመር አስምሪና ከዛሬው ቀጥዪ። የእኔም ሦስተኛ ዓመት ላይ የሁለት ወር ክፍተት አለ፤ ከመስመሩ በታች የመጀመሪያው ቃል «ረግፏል» የሚል ነው።

ዛፉን ስትመርጪ የቱን እንደሆነ ንገሪን፣ እሺ?