ስለ 147,573,952,589,676,412,927 ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ስለዚህ ባለ 21 አሃዝ ቁጥር ሁለት መስመር ብጽፍ ጥያቄው ጎረፈ። 67 ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚመጣው ቁጥር ነው። የቻልኩትን ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ትልቅ ቁጥር መች ጠፋ? ይሄ ምን የተለየ ነገር አለው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ትልቅ ቁጥር ሞልቷል። (ይሄን በየሰከንዱ አንድ አንድ እያልክ ብትቆጥር ከ4.6 ትሪሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅብሃል፣ ለማንኛውም።) የሚገርመው ታሪኩ ነው። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሰን በ1644 ፕራይም ነው ብሎ ዝርዝሩ ውስጥ አስገባው። ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም ማለቱ ነው። በ1876 ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኤድዋር ሉካ ፕራይም እንዳልሆነ አረጋገጠ። አካፋዮቹን ግን አላገኛቸውም።

ጥያቄ፦ ቆይ፣ አካፋዩን ሳያገኝ አካፋይ እንዳለው በምን አወቀ? አልገባኝም።

መልስ፦ እኔም ተማሪ እያለሁ እዚህ ጋ ተወዛግቤያለሁ። መፈተኛ ዘዴ አለ። የሉካን ዘዴ አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ሌህመር በኋላ አቀለለው፤ እሱን ላሳይህ። በ31 እንሞክር፤ እሱም 5 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ ነው። ከ4 ጀምር። በራሱ አባዛና 2 ቀንስ፦ 14። ድገመው፦ 194። ለ31 ስታካፍለው ቀሪው 8 ነው። 8 በ8፣ 64፤ 2 ሲቀነስ 62። 62 ለ31 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ስለዚህ 31 ፕራይም ነው።

እዚህ ሦስት እርምጃ ሄድን። ለ67 ሁለቶቹ 65 እርምጃ ነው። መጨረሻ ላይ ቀሪው ዜሮ ካልሆነ አለቀ፣ ፕራይም አይደለም። በር ሲንኳኳ ውጭ ሰው እንዳለ ታውቃለህ አይደል? ማን እንደሆነ ግን ገና አላየህም። ሉካ እዚያ ላይ ነበር የቆመው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በሩን ማን ከፈተው?

መልስ፦ አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል። ኦክቶበር 1903፣ ኒውዮርክ፣ የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ። እንደሚተረከው ምንም ሳይናገር ወደ ሰሌዳው ሄደ። 2ን እያባዛ 67 ላይ ደረሰና 1 ቀነሰ። ከጎኑ 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዛ። ሁለቱም አንድ ሆኑ። ቃል ሳይተነፍስ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። የሦስት ዓመት እሑዶቼን ፈጀብኝ ብሏል ይባላል።

ጥያቄ፦ 193 ሚሊዮን ቁጥር አንድ በአንድ ቢሞክር በሦስት ዓመት እሑድ አያልቅም!

መልስ፦ አያልቅም፣ ልክ ነሽ። ግን ሁሉንም መሞከር አያስፈልግም። የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ 1 ቀንሰሽ ለ134 ስታካፍይው ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። 134 የ67 እጥፍ ነው። 193,707,720ን ለ134 ስናካፍል 1,445,580 ይመጣል። በዚህ ብቻ 193 ሚሊዮኑ ወደ 1.4 ሚሊዮን ወረደ። ይሄም ለእጅ ሥራ አሁንም ብዙ ነው፤ ኮል ሌሎች ማጥበቢያዎችም ተጠቅሟል።

ጥያቄ፦ ኮል ከቻለ የባንክ ሚስጥር ቁልፍ እንዴት ይታመናል?

መልስ፦ እንዲህ ያሉ ቁልፎች የሚታመኑት ትልቅ ቁጥርን መበተን፣ ማለትም አካፋዮቹን ማግኘት፣ ከባድ ስለሆነ ነው። የዛሬ ኮምፒውተር ይህን ቁጥር በቅጽበት ይበትነዋል። ቁልፎቹ ግን በጣም ይረዝማሉ። በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ ባለ 617 አሃዝ ነው። በ2020 ተበተነ የተባለው ባለ 250 አሃዝ ቁጥር እንኳ ብዙ ኮምፒውተሮች ለወራት የለፉበት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ የኮልን ሁለት አካፋዮች በካልኩሌተር ብታባዛ በነጥብ የተቆረጠ ቁጥር መጣላት። ልክ መሆኑን በምን ታጣራ?

መልስ፦ ካልኩሌተሩ 21 አሃዝ ስለማይበቃው አጠጋግቶት ነው። መጀመሪያ መጨረሻውን ታባዛ፦ 721 በ287፣ 206,927። የትልቁ ቁጥርም መጨረሻ 927 ነው። ቀጥሎ አሃዞቹን ትደምር። የትንሹ አካፋይ 37 ይመጣል፣ የትልቁ 64፣ የብዜቱ 109። ሦስቱም ለ9 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 1 ነው፤ 1 በ1 ደግሞ 1። ሁለቱ ማጣሪያዎች ስህተትን ያጋልጣሉ እንጂ ልክነትን ሙሉ በሙሉ አያረጋግጡም። ሙሉውን ካለች እስክሪብቶና ሰፊ ወረቀት ስጧት።