በማጂክ ካርድ ጨዋታ የሞተ ጠንቋይ ለምን ይመታል?

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን እንደተረዳሁት ልጅዎ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለውን የካርድ ጨዋታ ከአክስቱ ልጅ በወረሳቸው ካርዶች ጀምሯል። አብረውት ለመጫወት ብለው ሙሉውን የሕግ ሰነድ አወረዱ፤ ጥቂት ገጾች እንደሄዱም ተስፋ ቆረጡ። በዚያ ላይ ፕሮዲጋል ሶርሰረር የሚባለውን ጠንቋዩን ገድለውበት ሳለ ጉዳቱ ደረሰብዎት። ልጁ «ሕጉ ነው» ይላል፤ እርስዎ «የሞተ እንዴት ይመታል?» ይላሉ። ልጁ ልክ ነው። ምክንያቱን ከታች አስረዳለሁ። (የጠንቋዩ ስም ያስደነገጣቸው እናቶች አስተያየት ጽፈዋል። ጨዋታውን የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ የሒሳብ ምሁር ነው፤ እ.ኤ.አ. 1993 ላይ ከወጣ ጀምሮም ጨዋታው ከጥንቆላ ይልቅ ለሒሳብ እንደቀረበ ነው።)

በመጀመሪያ ያንን ሰነድ ይዝጉት። ከ200 ገጽ በላይ የሆነው ሕግ የተጻፈው ክርክር ሲነሳ ዳኛ አንቀጽ እንዲፈልግበት ነው። ለዓመታት አርብ ማታ ካርድ ሱቅ ውስጥ ስጫወት ሰነዱን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ጨዋታ የጀመረ ሰው አላጋጠመኝም። ሰው የሚጀምረው ከጥቂት መሠረታዊ ነገሮች ነው፤ እነሱንም ልጅዎ ሳይነግርዎት አይቀርም፦ እያንዳንዱ ተጫዋች በ20 ነጥብ ሕይወት ይጀምራል፣ ቢያንስ 60 ካርድ በውዞ 7 ይስባል፣ በየተራው መሬት የሚባል አንድ ካርድ ያወርዳል፣ መሬቱን ወደ ጎን አዙሮ ማና የሚባለውን ኃይል ያገኛል፣ በማናውም በካርዱ የቀኝ ራስጌ የተጻፈውን ዋጋ ይከፍላል። ከመሠረታዊ መሬቶች በስተቀር አንድ ዓይነት ካርድ ከ4 በላይ አይያዝም። ይህን ማንም በአንድ ምሽት ይይዘዋል።

ሰው የሚጨቃጨቀው በዚህ አይደለም። እኔ ካየኋቸው ክርክሮች አብዛኞቹ «የትኛው ይቀድማል?» የሚሉ ናቸው፤ መልሳቸውም ስታክ በሚባለው ቁልል ውስጥ ነው። አንድ ተጫዋች ድግምት ሲያወጣ ካርዱ ወዲያው ሥራውን አይሠራም። መጀመሪያ ቁልሉ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው ተጫዋች ምላሽ የመስጠት ዕድል ያገኛል፣ ምላሹም በላዩ ላይ ይደረባል። ሁለቱም «በቃኝ» ሲሉ የላይኛው ይፈጸማል፤ ከዚያ እንደገና ዕድል ይሰጣል፤ ቀጥሎ ከሥሩ ያለው ይፈጸማል። ሞሰብ ውስጥ በመጨረሻ የተነባበረው እንጀራ መጀመሪያ እንደሚነሳ ማለት ነው።

በሁለት ርካሽ ካርዶች ላሳይዎት። ልጅዎ ግሪዝሊ ቤርስ የሚባል ድብ አለው እንበል፤ ኃይሉ (የሚያደርሰው ጉዳት) 2፣ ጽናቱ (የሚገድለው ጉዳት መጠን) 2 ነው። እርስዎ በአንድ ቀይ ማና 3 ጉዳት የሚያደርሰውን ላይትኒንግ ቦልት (መብረቅ) በድቡ ላይ ያወጣሉ። ልጅዎ በምላሹ በአንድ አረንጓዴ ማና ጃያንት ግሮውዝን ያወጣል፤ ይህ ካርድ እስከ ተራው መጨረሻ ድረስ ለድቡ 3 ኃይልና 3 ጽናት ይጨምራል። የልጅዎ ካርድ ከላይ ስለሆነ ይቀድማል፤ ድቡ 5 በ5 ይሆናል። ከዚያ የእርስዎ መብረቅ 3 ጉዳት ያደርስበታል፤ ድቡም ይተርፋል።

አሁን ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። ልጅዎ ራሱ ቀድሞ ጃያንት ግሮውዝን አወጣ፤ እርስዎ በምላሹ መብረቁን ለቀቁ። አሁን የእርስዎ ከላይ ነው። ድቡ ገና 2 በ2 ሳለ 3 ጉዳት ይደርስበትና ይሞታል። ጃያንት ግሮውዝ ሊፈጸም ሲመጣ ዒላማው የለም፤ ምንም ሳይሠራ ወደ መቃብር ክምሩ ይሄዳል። ልጅዎ በአንድ ጊዜ ሁለት ካርድ አጣ ማለት ነው። ካርዶቹ ያው ናቸው፣ ዋጋቸውም ያው ነው፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሆነ። ከዚህ የምወስደው ምክር አንድ ነው፦ በምላሽነት ሊወጣ የሚችል ካርድ ይዘው መጀመሪያ ለማውጣት አይቸኩሉ። ልጆች ደግሞ መቸኮል ይወዳሉ።

ወደ ጠንቋዩ እንመለስ። ፕሮዲጋል ሶርሰረር ወደ ጎን ሲዞር ለፈለገው ዒላማ 1 ጉዳት ያደርሳል። መዞሩ የሚከፈል ዋጋ ነው፤ ልጅዎ ካርዱን ባዞረበት ቅጽበት ዋጋው ተከፍሏል፣ ጉዳቱም ቁልሉ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ እርስዎ ጠንቋዩን ቢገድሉት የሚሞተው ጠንቋዩ ብቻ ነው፤ ቁልሉ ላይ የተቀመጠው ጉዳት ከእሱ ተለይቶ ራሱን ችሏል። ጦሩን ከወረወረ በኋላ ነው የደረሱበት።

ታዲያ መቼ ይገደል? ፍጡር፣ ማለትም እንደ ድቡና እንደ ጠንቋዩ ያለ ካርድ፣ ሜዳ በገባበት ተራ ሊያጠቃም ሆነ ወደ ጎን መዞር የሚጠይቅ ችሎታውን ሊጠቀም አይችልም፤ ሄስት የሚል ቃል ከተጻፈበት በስተቀር። ስለዚህ ጠንቋዩ ከወረደበት ጊዜ አንስቶ የልጅዎ ቀጣይ ተራ እስኪጀምር ድረስ እጁ የታሰረ ነው። በእነዚያ መሃል፣ ለምሳሌ በራስዎ ተራ፣ መብረቁን ይልቀቁበት። ካለፈ ግን ባጠቁት ቁጥር በምላሹ ዞሮ 1 ጉዳት አድርሶ ነው የሚሞተው።

ለማና የሚዞር መሬት ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ማና ማውጣት ቁልሉ ላይ አይቀመጥም፤ ማንም ምላሽ ሊሰጥበት አይችልም። «መሬትህን ስታዞር አቋረጥኩህ» የሚባል ነገር የለም።

ሁለተኛው የጭቅጭቅ ምንጭ ውጊያው ነው። ደረጃዎቹን ጮክ ብላችሁ ብትጠሯቸው ግማሹ ክርክር ይጠፋል። መጀመሪያ አጥቂው ማን ማን እንደሚያጠቃ ያሳውቃል፤ ከዚያ ተከላካዩ በማን እንደሚመክት ይናገራል፤ ከዚያ ጉዳት ይደርሳል። በየመሃሉ ሁለቱም ኢንስታንት የሚል የተጻፈባቸውን ካርዶች ማውጣት ይችላሉ፤ ሶርሰሪ የሚሉት ግን በራስ ተራ፣ ከውጊያው በፊት ወይም በኋላ ባለው ዋና ክፍል፣ ቁልሉ ባዶ ሲሆን ብቻ ነው የሚወጡት። አንድ ፍጡር አጥቂ ሆኖ ከታወጀ በኋላ በሆነ ካርድ ወደ ጎን ቢያዞሩት ጥቃቱ አይቆምም። አጥቂ አንዴ ከተመከተ ደግሞ የመከተው ፍጡር ከጉዳቱ በፊት ቢሞት እንኳ እንደተመከተ ይቀራል፤ ትራምፕል የሚል ካልተጻፈበት በስተቀር ጉዳቱ ወደ ተጫዋቹ አያልፍም። ይህን ሕግ ወዲያው የሚያምን ጀማሪ አላየሁም፤ ሁሉም ፊቱን አጨማዶ «አሳየኝ» ይላል። ጉዳት የሚደርሰውም በአንድ ጊዜ ስለሆነ ሁለት ድቦች ሲገጥሙ ሁለቱም ይሞታሉ፤ ፈርስት ስትራይክ ያለው ብቻ ቀድሞ ይመታል። የተረፈው ፍጡር ላይ ያለው ጉዳት በተራው መጨረሻ ይጠፋል።

ከዚህ በላይ የሆነውን ሁሉ የሚነግርዎት ካርዱ ራሱ ነው። የጨዋታው ወርቃማ ሕግ የካርዱ ጽሑፍና አጠቃላዩ ሕግ ሲጋጩ ካርዱ ያሸንፋል ይላል። አንዱ ካርድ «ይችላል» ሌላው «አይችልም» ሲሉ ደግሞ «አይችልም» ያሸንፋል። ስለዚህ ቃል በቃል ያንብቡ። ሄክስፕሩፍ የሚል የተጻፈበትን ፍጡር ተጋጣሚ ዒላማ ሊያደርገው አይችልም፤ «ፍጡሮችን ሁሉ አጥፋ» የሚል ካርድ ግን ማንንም ዒላማ ስለማያደርግ እሱንም ይዞት ይሄዳል። እዚህ ላይ የሚያለቅስ ልጅ አይቻለሁ። ካርዱን የልጅዎ እንግሊዝኛ ከቀናው እሱ ያንብብ፤ ግን እስከ መጨረሻው ነጥብ ድረስ ጮክ ብሎ ያንብብ።

የውርስ ካርዶች በመሆናቸው አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎት። ቁልሉ ራሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ከስድስተኛው እትም ጋር ነው። ልጅዎ ከዚያ በፊት የታተመ ካውንተርስፔል (የተጋጣሚን ድግምት የሚሰርዝ ካርድ) ካለው ኢንተራፕት የሚል ያገኙበታል፤ ያ ዓይነት ቀርቷል፣ ካርዱ ዛሬ ኢንስታንት ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2009 ድረስ የውጊያ ጉዳትም ቁልሉ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ አሁን አይቀመጥም። የአክስቱ ልጅ በዚያ ዘመን ተጫውቶ ከነበረ በልበ ሙሉነት የሚሰጠው ምክር በዘመኑ ልክ የነበረ፣ ዛሬ ግን የማይሠራ ሊሆን ይችላል። አሳታሚው ጋዘረር በሚባል የመረጃ ቋቱ ላይ የእያንዳንዱን ካርድ የአሁኑን ጽሑፍ በነጻ ያሳያል፤ አሮጌ ካርድ ሲያጠራጥር የታተመበትን ሳይሆን እዚያ ያለውን ይከተሉ።

ለጊዜው ኮማንደር የሚባለውን አጨዋወት ይተዉት፤ 100 ካርድ፣ 40 ነጥብ ሕይወት፣ ብዙውን ጊዜም አራት ሰው ነው፤ አራት ሰው ምላሽ ሲሰጥ ቁልሉ ለለመደም ያስቸግራል። ለሁለታችሁ የሚበጀው በየካርዱ ጥቂት ቃል ብቻ ያለባቸው ሁለት ቀላል የካርድ ጥቅሎች ይዞ፣ የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች እጃችሁን ገልጣችሁ መጫወት ነው። ካርድ ባወጡ ቁጥር «ምላሽ አለህ?» ይበሉ፤ እሱም ይጠይቅዎት። ብቻዎን መለማመድ ከፈለጉ ማጂክ አሬና የሚባለው የኮምፒውተርና የስልክ ጨዋታ በነጻ ይገኛል፤ ቁልሉን በዓይን ያሳያል፣ ግን ምክንያቱን አያስረዳም፤ ስለዚህ እንደ ማለማመጃ እንጂ እንደ መምህር አልመክረውም።

ልጅዎ የያዘው ጥቅል የየትኛው ቀለም እንደሆነ ቢጽፉልኝ የትኞቹን ካርዶች ለጊዜው ማውጣት እንዳለባችሁ እነግርዎታለሁ። ሰማያዊ ከበዛበት ከወዲሁ ይዘጋጁ፤ ያወጡትን ሁሉ የሚሰርዝብዎት ያ ቀለም ነው።