ሙሩድን ለማየት ላሰብሽው እህቴ፦ ማደሪያሽን በስልክ ሳታረጋግጪ እንዳትነሺ

«ወንድሜን ለሕክምና ወደ ሙምባይ ይዤ እሄዳለሁ። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ሁለት ቀን ወስጄ የሐበሾች ምሽግ ያለባትን ሙሩድን ማየት እፈልጋለሁ። ማደሪያ ቀድሜ ልያዝ ወይስ እዚያው ደርሼ አገኛለሁ?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። እኔም በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ባለቤቴን ለልብ ሕክምና ሙምባይ ወስጄው ነበር። እኔም ሁለት ቀን ሰርቄ ሙሩድ ልደርስ ተነሣሁ። «ህንድ ውስጥ ማደሪያ ሞልቷል፣ ደርሰሽ ትመርጫለሽ» ብለው የመለሱልሽ ሰዎች ዴልሂን ወይም ጎዋን አይተው ይሆናል። ሙሩድ ግን ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ ዓሣ አጥማጅና የኮኮናት ገበሬ የሚኖርባት። እዚያ የሚሆነው ሌላ ነው።

ስለ ቪዛና ስለ አውሮፕላን ቲኬት አልጽፍም፤ እሱን ወንድምሽን የሚቀበለው ሆስፒታል ይነግርሻል። እኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገርሽ።

1. የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ከኢትዮጵያ የሚገባን ሰው ህንድ ይህን ካርድ ትጠይቃለች። ታማሚውን ብቻ ሳይሆን አስታማሚውንም ነው። ክትባቱን ከወሰድሽ አሥር ቀን ካልሞላሽ ካርዱ አይቆጠርልሽም፤ እስከ ስድስት ቀን ለይቶ ማቆያ ሊያስገቡሽ ይችላሉ። ካርዱን በእጅሽ ያዢው እንጂ ሻንጣ ውስጥ አትክተቺው። ከእኛ ጋር በአንድ አውሮፕላን የመጡ አንድ አባት ሻንጣቸው ውስጥ ከተውት ኖሮ በሽተኛ ልጃቸውን አስቀምጠው ምን ያህል እንደተንገላቱ አይቻለሁ።

2. ማደሪያ። ጥያቄሽም ይኸው ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ። በህንድ ሕግ የውጭ አገር ሰው ያሳደረ ሁሉ፣ ትልቅ ሆቴልም ይሁን በቤቱ አንድ ክፍል የሚያከራይ ግለሰብ፣ እንግዳው በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ እኔ በሄድኩ ጊዜ «ፎርም ሲ» ይባል የነበረውን ቅጽ በኢንተርኔት ሞልቶ የውጭ አገር ዜጎችን ለሚመዘግበው ቢሮ መላክ አለበት። ቅጹ ከፓስፖርቱ ቁጥር ሌላ የቪዛሽን ቁጥርና ህንድ የገባሽበትን ቀን ይጠይቃል። ይህን ለመላክ ማደሪያ ቤቱ ቀድሞ የተመዘገበ መሆን አለበት። ሙምባይ ውስጥ በሆስፒታሎች አካባቢ ያሉ የእንግዳ ማረፊያዎች ከአፍሪካና ከአረብ አገር በሚመጣ ታማሚ ስለሚተዳደሩ በየቀኑ ይሞሉታል፤ አንቺ ሳታውቂው ያልቃል። እኔም አንድ ወር ሙሉ ሙምባይ ተቀምጬ እንዲህ ያለ ቅጽ መኖሩን አልሰማሁም ነበር።

ማደሪያውን የያዝኩት በስልክ መተግበሪያ ነው። የባለቤቴ ወንድም ሊያግዘን ከዱባይ መጥቶ ስለነበር በእሱ ካርድ 2,400 ሩፒ ከፈልን። «ተረጋግጧል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ፓስፖርቴን መንገድ ላይ ይጠፋብኛል ብዬ ፈራሁና ከባለቤቴ ፓስፖርት ጋር አስቀምጬ፣ ፎቶግራፌ ያለበትን ገጽ ብቻ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ወጣሁ። ስህተቴ ይህ ነው። አንቺም ይህን ልታደርጊ እንደምትችዪ ይሰማኛል፤ ለታማሚ የሚጨነቅ ሰው ፓስፖርት ይዞ መንቀሳቀስ ይፈራል።

ሙሩድ የደረስኩት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የከፈልኩበት ቤት ስገባ ተቀባዩ ወጣት ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «የውጭ አገር ሰው አናሳድርም» አለኝ። መክፈሌን አሳየሁት። «እሱን ካስከፈለሽ ጋር ተነጋገሪ» አለ። ፎቶ ኮፒዬን ጠረጴዛው ላይ ሳኖረው ሳያነበው በአንድ ጣቱ ገፍቶ መለሰልኝ። ያቺን ጣት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩ፣ ልጆች ያሳደግሁ ሴት ነኝ፤ ወረቀቴን እንዲያ የገፋብኝ ሰው አላውቅም። ሕጉን ማክበሩ ልክ ነው። ነገር ግን ሲጀመር ለምን ገንዘቤን ተቀበሉ? የመሸበትን ሰውስ ቁጭ በይ፣ ውኃ ጠጪ ማለት ምን ይከብዳል?

ሁለተኛው ቤት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ወንበር ሰጡኝ፣ ውኃ አመጡልኝ። ምዝገባው እንደሌላቸውና ቢያሳድሩኝ እንደሚጠየቁ በቀስታ አስረዱኝ። በእሳቸው አልተቀየምኩም። ሦስተኛው ቤት ምዝገባው ነበረው፤ እነሱ ደግሞ ዋናውን ፓስፖርት፣ ቪዛውንና የመግቢያውን ማህተም ካላየን አሉ። ማህተሙ ያለው ሙምባይ ነው። እኔ ያለሁት ሙሩድ። ጨልሟል፣ በመንገዴ ወዳለፍኩባት ከተማ ወደ አሊባግ የሚመለስ አውቶቡስም የለም።

በመጨረሻ አንድ የሪክሾ ሹፌር (እኛ ባጃጅ የምንለውን እዚያ ሪክሾ በዪው፤ ባጃጅ ለእነሱ የፋብሪካው ስም ነው) በ1,500 ሩፒ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ አሊባግ አደረሰኝ። እዚያ ያገኘሁት የሆቴል ሥራ አስኪያጅ የቪዛውንና የማህተሙን ገጽ ፎቶ በስልክ እንዲላክለት ጠየቀ። የባለቤቴ ወንድም ከእንቅልፉ ተነሥቶ ላከልን፤ ተመዘገብኩ፣ ተኛሁ። በማግስቱ ባለቤቴ የሐኪም ቀጠሮ ስለነበረው ወደ ሙምባይ ተመለስኩ። ምሽጉ ከዚያ ሦስተኛ ቤት አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር የሚርቀው። ሳላየው ተመለስኩ። 2,400 ሩፒዬም «እንግዳዋ አልመጣችም» ተብሎ ቀረ። ሁለት ጊዜ ጻፍኩላቸው፤ መልሳቸው ያው ነበር።

አሁን አንቺ የምታደርጊውን ልንገርሽ። በሆስፒታሉ ለኢትዮጵያውያን የሚያስተረጉም ልጅ አይጠፋም፤ እሱን ለምነሽ በሂንዲ ወይም በአካባቢው ቋንቋ በማራቲ ያስደውልልሽ። የሚጠይቀው እንዲህ ነው፦ የውጭ አገር ሰው ታሳድራላችሁ ወይ? ፎርም ሲን ራሳችሁ ትሞላላችሁ ወይ? ብቻዋን የምትመጣ ሴትስ ትቀበላላችሁ ወይ? መልሱን በዋትስአፕ በጽሑፍ አስልኪው። ከዚያ ዋናውን ፓስፖርት ከልብስሽ ሥር አንገትሽ ላይ አንጠልጥለሽ ሂጂ። የቪዛሽንና የማህተሙን ገጽ ፎቶም በስልክሽ ያዢ። እኔ ከዘጠኝ ቀን በኋላ እንዲህ አድርጌ ተመለስኩ፤ እልህ ይዞኝ ነበር።

ጉዞው ራሱ ደስ ይላል። ሙምባይ ጌትዌይ ኦፍ ኢንዲያ ከሚባለው ትልቅ በር አጠገብ ወደ ማንድዋ የሚሻገር ጀልባ አለ፤ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ቲኬቱ ከማንድዋ እስከ አሊባግ ያለውን አውቶቡስ ይጨምራል። ከአሊባግ ቀዩን የመንግሥት አውቶቡስ ትይዣለሽ። የአውቶቡሱ ታፔላ በማራቲ ነው፤ ቁጥሩ እንኳን በእነሱ ፊደል ስለሚጻፍ «ሙሩድ» የሚለውን በወረቀት አጽፈሽ ያዢና እያመሳከርሽ ፈልጊ። በማሃራሽትራ ግዛት ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእነዚህ አውቶቡሶች ሴት የምትከፍለው ግማሽ ዋጋ ነው። ትኬት ቆራጩ ግማሹን ቆርጦ ሲሰጠኝ የተሳሳተ መስሎኝ ተጨማሪ ልከፍለው ነበር። መንገድ ላይ ኮርላይ የምትባል መንደር አለች፤ ፖርቹጋሎች ከለቀቋት ስንት ዘመኗ፣ ነዋሪዎቿ ግን ዛሬም ከፖርቹጋልኛ የተቀላቀለ የራሳቸው ቋንቋ ይናገራሉ። ዓይንሽን ከመስኮቱ አታንሺ።

ሦስተኛ ብዬ ልጽፍ የነበረው ስለ ገንዘብ ነው። ዶላርሽን ሙምባይ ላይ መንዝሪ፤ ሙሩድ ውስጥ የሚመነዝርልኝ አላገኘሁም። የአገሩ ሰው ሻይ እንኳን ሲገዛ በስልክ ነው የሚከፍለው፤ አንቺ ጥሬ ገንዘብ ትይዣለሽና ዝርዝር ይኑርሽ። ለ500 ሩፒ መልስ የሚሰጥ ሻይ ቤት የለም።

ወቅቱንም አስቢ። የእነሱ ዝናብ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል። ከግንቦት መጨረሻ አካባቢ ጀምሮ ባሕሩ ስለሚቆጣ ከጌትዌይ የሚነሣው ጀልባም ይቆማል፣ ምሽጉም ይዘጋል። ቀጠሮው በክረምት ከሆነ ለሙሩድ ብለሽ አትድከሚ። ቅዳሜና እሑድም አትሂጂ፤ የሙምባይና የፑኔ ከተማ ሰው ተነቅሎ ይመጣል።

በሁለተኛው ጉዞ ያደርኩት አንድ ቤተሰብ በግቢው ውስጥ ከሚያከራያቸው ክፍሎች በአንዱ ነው። የቤቲቱ እመቤት «ታይ» እያሉ ነበር የሚጠሩኝ፤ በማራቲ ታላቅ እህት ማለት ነው። ፎርሙን ልጃቸው በስልኩ በአምስት ደቂቃ ሞላው። አምስት ደቂቃ! እኔ ሌሊት ሃምሳ ኪሎ ሜትር የተሰደድኩበት ነገር ማለት ነው። ዕለቱ ረቡዕ ነበርና ጾሜን ነበርኩ። ጾመኛ ከሆንሽ ይህን ያዢ፦ «ንጹሕ የአትክልት ምግብ» የሚል ቤት ሁሉ የጾም ምግብ አለው ማለት አይደለም። ሥጋና እንቁላል የለውም እንጂ ቅቤና እርጎ በየወጡ ውስጥ አለ። ቅቤውን «ቱፕ» ይሉታል፤ «ቱፕ ናኮ» በዪ፣ ቅቤ አልፈልግም ማለት ነው። እርጎውን «ዳሂ ናኮ»። እመቤቲቱ ገብቷቸው ምስርና የሩዝ ቂጣ ሠሩልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ራጃፑሪ ወረድኩ፤ ወደ ምሽጉ የሚሻገሩት የሸራ ጀልባዎች የሚነሡት ከዚያች መንደር ነው። ጀልባው የሚሞላው በአገሩ ጎብኚ ነው፤ የውጭ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ምሽጉ ከባሕሩ መካከል እንዳለ ተነሥቶ ቆሟል፣ ግንቡ ከውኃው ነው የሚጀምረው። አንድ አዛውንት ጀልባ ቀዛፊ ወደ ግንቡ ጠቆሙ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ሃብሺ?» አሉኝ። ይህ ቃል በህንድ ለስድብም እንደሚውል ሙምባይ ሳለሁ ተነግሮኝ ነበር፤ አንድ ቀን ገበያ ውስጥም ከኋላዬ ሰምቼው አንገቴን ደፍቻለሁ። የእኚህ ሰው አጠያየቅ ግን ሌላ ነበር። «አዎ፣ ሃብሺ። ከኢትዮጵያ» አልኳቸው። ለተሳፋሪው ሁሉ በማራቲ ነገሩት። ሰው ተጠጋጋና ከፊት ቦታ ለቀቀልኝ።

ምሽጉ ጃንጂራ ይባላል፤ ስሙ ከዓረብኛው «ጀዚራ» የመጣ ነው፣ ደሴት ማለት። ገዢዎቹ ሲዲ ይባሉ ነበር፤ ከሐበሻ ምድርና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ሰዎች ዘር ናቸው። ግዛታቸው በቀድሞ መዛግብት «ሃብሳን» ተብሎ ይጠራል። ማራታ የሚባለው የአገሩ ሕዝብ ንጉሥ ሺቫጂ ምሽጉን ሊይዝ ሞከረ፣ አልቻለም። ልጁ ሳምባጂ በ1682 እ.ኤ.አ. ከየብስ እስከ ደሴቱ ባሕሩን በድንጋይ ሞልቶ ሊሻገር ሞከረ፣ አልቻለም። ከሙሩድ ዳርቻ ቆመሽ ስታይ የሚታየው ሌላው የባሕር ምሽግ ፓድማዱርግ፣ ማራታዎች ጃንጂራን ለመቋቋም የሠሩት ነው። የሲዲዎቹ ግዛት የፈረሰው ከህንድ ጋር በተቀላቀለበት በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። በሩ ላይ ዝሆኖችን በጥፍሩ የጨበጠ አንበሳ መሳይ አውሬ ተቀርጿል፤ አትለፊው። ውስጡ ፍርስራሽ ነው፣ የሚያስረዳ ጽሑፍም እምብዛም የለም። ታላላቆቹ መድፎችና በጨው ባሕር መካከል ጣፋጭ ውኃ የሚይዙት ገንዳዎች ግን አሉ። እጄን መድፉ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ብዙዎቹ ተሸጠው በባርነት ወደ ህንድ የሄዱ ሰዎች መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ያለቀስኩት ለዚያም ነው። ባለ ጀልባዎቹ የሚሰጡሽ ጊዜ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ከመሳፈርሽ በፊት ተነጋገሪ፣ ወይም በሚቀጥለው ጀልባ እንዲመልሱሽ ለምኚ። እኔ ለምኜ ተፈቅዶልኛል።

አንድ ነገር ላርምሽ። ከጥያቄሽ በታች «የማሊክ አምባርንም መቃብር አያለሁ» ብለሻል። እሱ ሙሩድ አይደለም። ከጃንጂራ ገዢዎች መካከል አምባር የሚባል ስላለ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ከኢትዮጵያ ተሸጦ ሄዶ የአህመድናጋርን መንግሥት የመራውና በ1626 እ.ኤ.አ. የሞተው ማሊክ አምባር የተቀበረው ኩልዳባድ ነው፤ ከባሕሩ ርቆ ወደ አውራንጋባድ (አሁን ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ወደሚባለው ከተማ) በኩል። በሁለት ቀን ሁለቱን አታዳርሺም። ሙሩድ አጠገብ ያለው የሲዲዎቹ መቃብር ኮክሪ የሚባለው ነው። ከራጃፑሪ ሩቅ አይደለም፤ የሪክሾ ሹፌሩ ያውቀዋል፣ ስትመለሺ አቁሞልሽ ታያለሽ። ትልልቅ የድንጋይ ሕንፃዎች ናቸው፤ እኔ በሄድኩ ጊዜ ፍየሎች ብቻ ነበሩ።

ያደርኩበትን ቤት ስልክ እዚህ በአደባባይ አልጽፍም፤ በግል መልእክት ጻፊልኝና እልክልሻለሁ። እመቤቲቱን በ2016 ዓ.ም. በልብ ሕመምተኛ ባሏ ምክንያት የመጣችው ኢትዮጵያዊት ልካኛለች በያቸው፤ ያስታውሱኛል። ወንድምሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ።